የጓደኞች ፋንታሲ ሊግ እስከ ግንቦት እንዲዘልቅ

ፋንታሲ ሊግ፣ ማለትም በእውነተኛ ተጫዋቾች ብቃት ነጥብ እየሰበሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚፎካከሩበት የኳስ ጨዋታ፣ መክፈት ቀላል ነው። ስም ታወጡለታላችሁ፣ ኮዱን ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ፣ እስከ ማታ ጓደኛ ሁሉ ገብቶ ያድራል። ነሐሴ ላይ ሁሉም ሰው አሰልጣኝ ነው። ጣጣው የሚመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ጨዋታው በየሦስት በየአራት ቀኑ ይደራረባል። ግማሹ ሰው ከመሪው በመቶ ነጥብ ርቋል። አንዱ ዴድላይን (ቡድን ማስተካከያው የሚዘጋበት ሰዓት) ያመልጠዋል፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የካቲት ሲደርስ ግሩፑ ላይ የሚያወሩት አንደኛና ሁለተኛው ብቻ ይሆናሉ።

እኔ ከጓደኞቼ ጋር የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ፋንታሲን ለዓመታት ሳስተባብር ቆይቻለሁ። አብሮ አደጎችና አብረን የተማርን ነን። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ እንኖራለን፤ ዱባይና ዋሽንግተን አካባቢ ያሉም አሉ። ሥራ፣ ትዳርና ልጅ በየአቅጣጫው ወስዶናል። ድሮ በየማታው እንገናኝ የነበርን ሰዎች አሁን ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ አንተያይም። ሊጉ ግን በየሳምንቱ «ማንን ካፒቴን አደረግክ?» ያስብለናል። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስለ እናቱ ሕመም፣ ስለ አዲሱ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ። ሊጉ እንዳይሞት የምደክመው ለዚህ ነው።

የአስተባባሪ ዋና ሥራ ከታች ያለውን ሰው መያዝ ነው ብዬ አምናለሁ። መሪው ማንም ሳይቀሰቅሰው ስልኩን ይከፍታል። 12ኛ ላይ ያለው ግን ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑን የሚነካበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ደንቡንም፣ ገንዘቡንም፣ ግሩፑ ላይ የሚጻፈውንም ያን ሰው እያሰባችሁ አዘጋጁት። ከዚህ በታች የምጽፈው እኛ ዘንድ የሠራውን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በጨዋታው ውስጥ ብቻ የሚሠራ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጣችኋል። በዚያ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፤ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይቻልም። 11ዱ ይሰለፋሉ፣ 4ቱ ቤንች ላይ ይቀመጣሉ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሠሩት ወደ ነጥብ ይቀየራል። አጥቂ ሲያገባ 4፣ አማካይ ሲያገባ 5፣ ተከላካይ ሲያገባ 6። አሲስት (ለጎል የበቃ ኳስ ማቀበል) 3 ነው። ተከላካይና በረኛ ጎል ካልገባባቸው 4 ያገኛሉ። ቢጫ ካርድ 1 ይቀንሳል፣ ቀይ 3። ካፒቴን ያደረጋችሁት ሰው ነጥቡ በሁለት ይባዛል። በየሳምንቱ አንድ ነፃ ዝውውር፣ ማለትም ተጫዋች መቀየር፣ አለ፤ ካልተጠቀማችሁበት እስከ 5 ይጠራቀማል። ከነፃው በላይ ላደረጋችሁት ለእያንዳንዱ 4 ነጥብ ይቆረጣል። «ሂት ወሰድኩ» ሲሉ የምትሰሙት እሱን ነው። እንዲህ እያለ 38 ሳምንት ይሄዳል።

አዲስ ሰው ሲገባ ከዚህ በላይ አትንገሩት። ዋይልድካርድ፣ ቤንች ቡስት፣ ትሪፕል ካፒቴን ስለሚባሉት ቺፖች (ሲፈልጉ የሚጠቀሙባቸው ልዩ ዕድሎች) እያወራችሁ በመጀመሪያው ቀን ካስጨነቃችሁት በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ኳስ ብዙም የማትከታተል አንዲት ጓደኛችን በ2024/25 ገባች። የነገርናት ሦስት ነገር ነው፤ የሚሰለፍ ሰው ግዢ፣ ካፒቴንሽን አስቢበት፣ ዴድላይን እንዳያልፍሽ። ሞሐመድ ሳላን በ12.5 ሚሊዮን ገዝታ ካፒቴን አደረገችው። ሌላውን ስትቀያይር እሱን አልነካችውም። ሳላ ያን ዓመት 344 ነጥብ ሰበሰበ። ከዚያ በፊት በጨዋታው ታሪክ ማንም እዚያ አልደረሰም። ዓመቱን ሙሉ ካፒቴን ላደረገው 688 ማለት ነው። በየሳምንቱ ብልጥ ካፒቴን ፍለጋ ሲዞሩ የነበሩ ብዙዎቹ የኛ ባለሙያዎች ከእሷ በታች ጨረሱ። አሁን ግሩፑ ላይ አዲስ ሰው የምታስገባው እሷ ናት።

ሊጉን ስትከፍቱ ሁለት ዓይነት ምርጫ ይመጣላችኋል። አንዱ ክላሲክ ነው፤ የሁሉም ሰው ነጥብ እየተደመረ ይሄዳል፣ ብዙ ያለው ይመራል። ሌላው ሄድ ቱ ሄድ ነው፤ በየሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር ትጋጠማላችሁ፣ ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ያገኛል። የሰው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ጨዋታው ራሱ የአማካይ ነጥብ ቡድን ጨምሮ ያሟላል። ሄድ ቱ ሄድ ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው አይገባም፣ ስለዚህ ሰው ሳይሟላ አትቸኩሉ።

የትኛው ይሻላል ለምትሉኝ፣ ሁለቱንም ክፈቱ። ቡድኑ አንድ ነው፣ ሁለት ሊግ ውስጥ መግባት ተጨማሪ ሥራ የለውም። ዋናው ክላሲክ ይሁን፤ ፍትሐዊው እሱ ነው። ሄድ ቱ ሄዱ ግን ለታችኛው ሰው መድኃኒት ነው። በጠቅላላ ነጥብ 14ኛ የሆነ ሰው በዚህ ሳምንት ከመሪው ጋር ሲደርሰው ልቡ ይነሳል። ሐሙስ ላይ ጀምሮ የመሪውን ቡድን እየከፈተ ያያል። ካሸነፈው ደግሞ ለሳምንት ይወራል። ሄድ ቱ ሄድን ብቻውን ዋና ሊግ እንድታደርጉት ግን አልመክርም። አንድ ሰው ቡድኑን ከተወው ከእሱ ጋር የሚደርሰው ሁሉ ነፃ 3 ነጥብ ያገኛል። ቀደም ብሎ የተጋጠመው ግን ለፍቶ ነው ያገኘው። ቅሬታው እዚያ ይጀምራል።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን ነገር ልንገራችሁ። ክላሲክ ሊግ ስትከፍቱ ነጥብ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ይቆጠር የሚለውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ይህ ማለት ታኅሣሥ ውስጥ፣ ጥር ሳይገባ፣ ሌላ ኮድ ማውጣት ትችላላችሁ። ከ20ኛው ሳምንት የሚጀምር፣ ሁሉም ሰው ዜሮ ላይ የሚቆምበት ሁለተኛ ሊግ። እኛ «ሁለተኛው ዙር» እንለዋለን። በመቶ ነጥብ የተመራው ሰው በዚያ ቀን ከመሪው ጋር እኩል ነው። በ2025/26 ደግሞ ቺፖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለሁለት ተከፈሉ፤ የመጀመሪያዎቹ እስከ 19ኛው ሳምንት ካልተጠቀማችሁባቸው ይቃጠላሉ፣ ከ20ኛው ጀምሮ አዲስ ዋይልድካርድ፣ አዲስ ፍሪ ሂት፣ አዲስ ቤንች ቡስትና አዲስ ትሪፕል ካፒቴን ይሰጣል። ከሁለተኛው ዙር ሊግ ጋር ልክ ነው የገጠመው። ኮዱን ለጥፌ «ከዜሮ ነው፣ ግቡ» ስል ለወራት ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች ብቅ ይላሉ።

የወር ውድድርም አለ። ሊጋችሁ ውስጥ ደረጃውን ለብቻው በወር በወር ማየት ይቻላል፤ ኦገስት፣ ሴፕቴምበር እያለ እስከ ሜይ። እናንተ ምንም ማስላት አይጠበቅባችሁም። ለወሩ አሸናፊ ትንሽ ነገር አዘጋጁለት። ትንሽነቱ ችግር የለውም። 13ኛ ያለ ሰው «የጥቅምት አሸናፊ» ተብሎ ስሙ ግሩፑ አናት ላይ ሲሰቀል ለሌላ ሁለት ወር ይበቃዋል።

ዴድላይን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሊጉን የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰበብ ነው። አንድ ሳምንት ያልፈዋል፣ ካፒቴኑ የተጎዳ ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ይናደዳል፣ ከዚያ «ዘንድሮ አልሆነልኝም» ብሎ ይተወዋል። ዴድላይኑ የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ በእንግሊዝ ሰዓት 12:30 ከሆነ፣ በበጋቸው ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ዴድላይኑ እንግዲህ 7 ሰዓት። ስልኩ የሚያሳየው ግን 13:00 ብሎ ነው። በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት አጋማሽ፣ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ያው ጨዋታ ለእኛ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ዴድላይኑም 8 ሰዓት። መጋቢት ላይ መልሰው ሲያስተካክሉ ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ሰው የሚያልፈው ያኔ ነው፤ 8 ሰዓትን ለምዶ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሲከፍት ተዘግቷል። ያን ሳምንት ሁለቴ አስታውሱ።

ዓርብ ማታ ጨዋታ ሲኖር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሊጉ የሚከፈተው ራሱ ዓርብ ማታ ነው። ጨዋታው ለእኛ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ ዴድላይኑ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ ወይም ትራፊክ ውስጥ ተቀምጦ ያልፈዋል። «ቅዳሜ ጠዋት አስተካክለዋለሁ» ያለ ሁሉ ተበላ ማለት ነው። በሳምንቱ መሃል ሲሆንም እንደዚያው።

እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ከዋዜማው ማታ አንድ መልእክት፣ በዕለቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሲቀረው አንድ። ሁልጊዜ በኢትዮጵያ ሰዓት እጽፋለሁ፤ «ነገ ከቀኑ 7 ሰዓት ይዘጋል» ብዬ። ከሥር ለዱባዮቹ 8 ሰዓት፣ ለዋሽንግተኖቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ብዬ እጨምራለሁ። የዋሽንግተኖቹ ሰዓት የእንቅልፍ ሰዓት ስለሆነ እነሱ ከመተኛታቸው በፊት ነው መጨረስ ያለባቸው። መብራትም ኔትወርክም በዚያች ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ሐሙስ ማታ የሚሠራ ቡድንና ካፒቴን አስቀምጡ። ዓርብ አሰልጣኞች ስለ ጉዳት ሲናገሩ ሰምታችሁ ትነካካላችሁ። ኔትወርኩ ቢጠፋ እንኳን ሐሙስ ያስቀመጣችሁት አለ።

ደንቡ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። ለውጡን ግሩፑ ላይ በአማርኛ ጽፎ መለጠፍ የአስተባባሪ ሥራ ነው። በ2025/26 ለተከላካዮች ጥሩ ነገር መጣ፤ በአንድ ጨዋታ ኳስ በመንጠቅ፣ በማቋረጥ፣ በመከለልና በማራቅ 10 ላይ የደረሰ ተከላካይ 2 ነጥብ ያገኛል። ለአማካይና ለአጥቂ ቁጥሩ 12 ነው፣ ለእነሱ ባለቤት ያልነበረው ኳስ ሲያነሱም ይቆጠራል። ይህን ያላወቀ ሰው ርካሽ ታታሪ ተከላካይ መግዛት አይታየውም። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ከዲሴምበር 21 ጀምሮ ሞሮኮ ላይ ስለተደረገ፣ ሳላና ምቤውሞን የመሳሰሉት ሊሄዱ ስለሆነ፣ በ16ኛው ሳምንት የሁሉም ሰው ነፃ ዝውውር ወደ 5 ተሞላ። ዜና የሚከታተለው አምስቱንም ተጠቀመባቸው። የማይከታተለው 5 እንዳለው የሚያውቀው ከነገራችሁት ነው። ይህን ለተፎካካሪ መንገር ቅር ሊላችሁ ይችላል። አይበላችሁ። ሊጉ የሚያምረው ሁሉም እኩል እያወቀ ሲጫወት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። መዋጮ ይኑር፤ ሰው ትንሽም ቢሆን ያወጣበትን ነገር አይተወውም። ነገር ግን ሁሉንም ለአንደኛው አትስጡ። አንዱ ጠቅልሎ የሚወስደው ሊግ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ታኅሣሥ ላይ ተስፋ የሌለው ሰው የሚጫወትበት ምክንያት ያጣል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ወደ ውርርድ ይሄዳል። ውርርድ በየሰፈሩ ስንት ወጣት እንደጎዳ ሁላችንም እናያለን። ከእኛም መካከል በዚያ የተፈተነ ጓደኛ አለ። እሱ ገንዘብ ሳያዋጣ ይጫወታል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም፣ እራቱ ላይም እንደ ማንም ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በእናንተም ዘንድ ሊኖር ስለሚችል ያለ መዋጮ መግቢያ በር ክፍት ይሁን።

ለምሳሌ 16 ሰው ሆናችሁ በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ብታዋጡ 16,000 ይሆናል። እኔ ብሆን ግማሹን፣ 8,000ውን፣ ለማጠቃለያው እራት አስቀምጣለሁ። ለአሥሩ ወሮች አሸናፊ 300 300 ብር ቢሰጥ 3,000 ነው። ከ20ኛው ሳምንት ለሚጀምረው ለሁለተኛው ዙር አሸናፊ 1,500። ለአንደኛው 2,500፣ ለሁለተኛው 1,000። ልክ 16,000 ሞላ። በዚህ አከፋፈል ማንም ሰው ሙሉ በሙሉ ባዶ እጁን አይወጣም፤ ቢያንስ እራቱን ይበላል። አንደኛ የወጣውም ቢሆን ደስታው በብሩ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በሚጠራበት ስም ነው።

ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ሊጉን ከሚመራው ሰው የተለየ ይሁን። እቁብ ላይ ዳኛና ጸሐፊ እንደሚለያዩት ማለት ነው። በቴሌብር የገባውን እየመዘገበ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፣ የከፈለና ያልከፈለ ይታያል። የመክፈያው ቀን የመጀመሪያው ዴድላይን ይሁን። «ደሞዝ ሲወጣ» ከተባለ ጥቅምት ይገባል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ 15ኛ የሆነ ሰው ለመክፈል እጁ አይፈታም። ውጭ ያሉት መላክ ከከበዳቸው እዚህ ያለ ወንድም ወይም እህት ይከፍላል። የዱባዩ ጓደኛችን እራቱ ላይ በእሱ ወንበር ታናሽ ወንድሙ ይቀመጣል። ልጁ አሁን ራሱም ቡድን አለው።

ደንቡን ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ ማንም ሳይጣላ፣ ጽፋችሁ ግሩፑ አናት ላይ ስቀሉት። ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ሰው አንድ ቡድን ብቻ ይኑረው፤ በሌላ ኢሜይል ሁለተኛ ቡድን ከፍቶ የተሻለውን የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። በእኩል ነጥብ ከተጨረሰ ጨዋታው ራሱ ጥቂት ዝውውር ያደረገውን ያስቀድማል፣ እኛም እሱን እንቀበላለን። ዘግይቶ የገባ ሰው ለዓመቱ ዋና ሽልማት አይወዳደርም፣ ለወሩና ለሁለተኛው ዙር ግን ይወዳደራል። አለመግባባት ሲመጣ የሚወስኑ ሦስት ሰዎች ስማቸው ይጻፍ። ፖለቲካ እዚህ ግሩፕ ላይ አይገባም። በቡድን መቀላለድ ይቻላል፣ በሰው ቤተሰብና በኑሮው ግን አይቻልም። የአርሰናልና የማንችስተር ደጋፊ አንድ ግሩፕ ላይ ሲሆን ይህቺ የመጨረሻዋ ደንብ ስንቴ እንዳዳነችን እኔ ነኝ የማውቀው።

ብዙ ጠብ የሚነሳው ከነጥብ አቆጣጠር ነው፣ እሱም ከችኮላ። እሁድ ማታ አንዱ በ3 ነጥብ እየመራ ግሩፑን በስቲከር ያጥለቀልቀዋል። የተጋጣሚው አማካይ ግን ጭራሽ አልተሰለፈም። ሳምንቱ ሲዘጋ ከቤንቹ ጎል ያልገባበት ተከላካይ በአማካዩ ቦታ ከነነጥቡ ይገባለታል። ነገሩ ተገለበጠ። ካፒቴኑ ካልተሰለፈም እንደዚሁ ምክትሉ ነው ሁለት እጥፍ የሚያገኘው፣ ለየጨዋታው ምርጦች የሚሰጠው የቦነስ 3፣ 2፣ 1 ነጥብም አለ። ሰኞ ማታ ጨዋታ ካለ ደግሞ ምንም አልተለየም። በ2024 አፕሪል 15፣ ሰኞ ማታ፣ ቼልሲ ኤቨርተንን 6 ለ 0 ሲያሸንፍ ኮል ፓልመር አራቱን አገባ። አማካይ ስለሆነ ጎሉ ብቻ 20 ነጥብ ነው፣ ካፒቴን ላደረገው 40። እሁድ ማታ ያሸነፉ የመሰላቸው ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት ሌላ ሰንጠረዥ ነው ያዩት። ከዚያ ወዲህ የእኛ ደንብ ግልጽ ነው፤ አሸናፊ የሚነገረው የሳምንቱ የመጨረሻ ጨዋታ አልቆ፣ ቦነሱ ገብቶ፣ የቤንቹ ቅያሪ ተሠርቶ ደረጃው ሲታደስ ብቻ ነው።

እኔም የሳምንቱን ጽሑፍ የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሊጉን በሕይወት ካቆዩት ነገሮች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። የመሪውን ስም አንዴ እጠራለሁ፣ ከዚያ ወደ ታች እወርዳለሁ። አንድ ናሙና ላሳያችሁ፦

«የሳምንቱ ከፍተኛ ነጥብ ዛሬ የመጣው ከ13ኛው ወንድማችን ነው። ሦስቱም ተከላካዮቹ ጎል አላስተናገዱም። እህታችን ማንም ያልያዘውን አጥቂ ካፒቴን አድርጋ ሁለት ደረጃ ወጥታለች፤ እንዴት አሰብሽው? ንገሪን። የዋሽንግተኑ ሰውዬ ቤንቹ ላይ 17 ነጥብ አስቀምጧል፣ አይዞህ። በሚቀጥለው ሳምንት ሄድ ቱ ሄድ ላይ አንደኛና 15ኛው ይገናኛሉ። ዴድላይን ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ተኩል፣ ዓርብ ነው፣ ቅዳሜ አይደለም።»

እዩት፣ ጥያቄ አለበት። «እንዴት አሰብሽው?» የተባለች ሰው ትመልሳለች፣ ሌላው በእሷ መልስ ላይ ይከራከራል፣ ቀኑ በዚያ ይሞቃል። ዝም ያለ ሰው ካለ ደግሞ ግሩፑ ላይ አትጥሩት፤ ያፍራል። በግል ደውሉለት። «ቡድንህ ውስጥ ሁለት የተጎዱ አሉ፣ አብረን እናስተካክለው?» በሉት። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ የደወልኩለት ሰው ቡድኑን የተወው ሥራ ስለለቀቀ ኖሯል። ስለ ኳሱ ሁለት ደቂቃ አወራን፣ ስለ ሥራው ግን እስኪመሽ። ቡድኑን በኋላ አስተካከለው።

ለመጨረሻው ሰው ቅጣት የሚያወጡ ሊጎች አሉ። እኔ ከባድ ቅጣት አልወድም። በየመንገዱ የሚያሳፍር ነገር የሚያስደርጉት ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። እኛ ዘንድ የመጨረሻው ሰው በእራቱ ቀን ቡና ያፈላል፣ ፈንዲሻውንም ይዞ ይመጣል። ሦስቱንም አፍልቶ እስኪጨርስ ሲቀልዱበት ያመሻል፣ ግን ከመካከላችን ነው።

ስለ እራቱም ልንገራችሁና ልጨርስ። ሊጉ የሚያልቀው በግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ የትኛውንም ቀን መምረጥ ይቻላል። መክፈቻው ግን ፍልሰታ ላይ ነው የሚወድቀው፤ የነሐሴውን ስብሰባ በሽሮና በበያይነቱ ነው የምናደርገው። ሙስሊም ጓደኞች ስላሉን የማጠቃለያው ሥጋ ከሁለት ቤት ይመጣል፣ ትሪውም ሁለት ይሆናል፣ ሰላጣውና አይቡ የጋራ ነው። ይህን ቀድሞ ማሰብ የአስተባባሪ ፋንታ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ከተደረሰ በኋላ «ውይ ረሳን» ማለት ሰውን ያስቀይማል። ቀኑን የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ ካለበት እሁድ ጋር አድርጉት። 38ኛው ሳምንት አሥሩም ጨዋታ በአንድ ሰዓት ነው የሚጀምረው። ሁሉም ሰው ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ነጥቡ በየደቂቃው ሲገለባበጥ አብሮ ማየት ሌላ ነው። ውጭ ያሉትን በቪዲዮ አስገቧቸው።

ከዚያ ግሩፑን አትዝጉት። ሰኔና ሐምሌ የዝውውር ወሬ ይበቃዋል። ሐምሌ ላይ ጨዋታው እንደገና ሲከፈት ያለፈውን ሊግ ማደስ ይቻላል፣ የድሮ አባላት ይጋበዛሉ። እኔ ያን ቀን መጀመሪያ የምጽፈው ካለፈው ዓመት የመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች ጋር ነው፣ ለየብቻቸው። እነሱ ከገቡ ሌላው ራሱ ይገባል።